ክፈፉ የማን ነው? የቲያትር መድረክ ግንባርና የደቡብ ጎንደር የትዕይንት ልማድ

«መድረክ» ሲባል የዛሬ ሰው ቶሎ የሚያስበው ከወለል ከፍ ብሎ የተሠራን የንግግር ወይም የትዕይንት ሥፍራ ነው። በግእዝ ግን ቃሉ የበር ደፍን፣ ውስጡን ከውጭው የሚለየውን ወሰን ያመለክታል፤ በአማርኛም ይህ ትርጉሙ ጨርሶ አልጠፋም። በቲያትር ሕንፃ ጥናት ፕሮሲኒየም የሚባለው የመድረክ ግንባር፣ ማለትም ተዋናዩን ከተመልካቹ የሚለየው ባለ መጋረጃ ትልቅ ክፈፍ፣ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ ላይ ይዟል። ከፍ ያለ ሥፍራም ነው፣ ደፍም ነው። በደፉ ወዲያ የሚታይ አለ፤ በደፉ ወዲህ የሚያይ አለ። በዞንና በወረዳ ከተሞች፣ በየዩኒቨርሲቲው ግቢም አዳራሽ በተሠራ ቁጥር ይህ ደፍ በሲሚንቶ ይደመደማል። ከደፉ ወዲያ መቆም የሚገባው ማን እንደሆነ ግን ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት ሲጠየቅ እምብዛም አይሰማም።

የክፈፉ ታሪክ ከመጀመሪያው ከሥልጣን ጋር የተያያዘ ነው። ስሙ ከግሪክ የመጣ ሲሆን በጥንቱ የግሪክ ቲያትር ከ«ስኬኔ» ፊት ያለውን ሥፍራ፣ ማለትም ተዋንያን ከሚወጡበትና ከሚገቡበት ቤት ፊት ለፊት ያለውን ቦታ ይጠቁም ነበር። ይሁንና ያ ተመልካች በኮረብታ ተዳፋት ላይ ትዕይንቱን ከበብ አድርጎ ይቀመጥ ስለነበር፣ ዛሬ በሚታወቀው መልኩ ክፈፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ክፈፉ የተወለደው በጣልያን መሳፍንት ቤት ነው። በፓላዲዮ የታቀደውና እ.ኤ.አ. በ1585 የተከፈተው የቪቼንዛው ቲያትሮ ኦሊምፒኮ ገና በርከት ያሉ በሮች ያሉት፣ የቤተ መንግሥት ፊት የሚመስል የመድረክ ግንባር ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1618 ግንባታው የተጀመረው፣ አለዮቲ የነደፈው የፓርማው ቲያትሮ ፋርኔዜ ግን አንድ ሰፊ መስኮት ብቻ የተከፈተበት ግንባር ይዞ መጣ። ከዚያ መስኮት ኋላ የሚሰቀለው የርቀት ሥዕል መስመሮቹ ሁሉ በትክክል የሚገጣጠሙት ከአንድ ወንበር ላይ ሆኖ ሲታይ ነበር። ያም ወንበር የመስፍኑ ነበር። ሌላው ታዳሚ እንደ ማዕረጉ ርቀት ትዕይንቱን ጥቂት ተንሻፎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ1876 በተከፈተው የባይሮይት ቲያትር ደግሞ ዋግነር አዳራሹን አጨለመ፤ ክፈፉንም ድርብ አደረገው። ተመልካቹ ጎረቤቱን እንዳያይ፣ ዓይኑ በብርሃኑ መስኮት ላይ ብቻ እንዲያርፍ ታሰበ። ዛሬ ተፈጥሯዊ የሚመስለው የቲያትር ቤት ዝምታና ጨለማ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ እንኳ የለውም።

ወደ ኢትዮጵያ ክፈፉ የመጣው ከተጻፈ ድራማ ጋር ተያይዞ ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ አድገውና ተምረው ከተመለሱ በኋላ የጻፉት «ፋቡላ» የተሰኘው የአውሬዎች ኮሜዲያ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በሆቴል አዳራሽ በመኳንንት ፊት ታየ፤ ስላቁም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን አስከለከለው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር መጀመሪያ በአደባባይ ለተሰበሰበ ሕዝብ ንግግርና ዜማ ያሰማ ነበር፤ ወደ ቲያትር ቤትነት የተለወጠው ቆይቶ ነው። ክፈፉ ሙሉ ክብሩን ያገኘው የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር» ተብሎ ሲመረቅ ነው። ጣልያኖች ሲኒማ ሊያደርጉት ጀምረውት የነበረውን ሕንፃ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት አዲስ መልክ ሰጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ አደረሰው። የመክፈቻው ተውኔትም የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። በዓሉ የንጉሥ፣ ተውኔቱም ስለ ንጉሥ ነበርና የፓርማው መስፍን በዚያ ምሽት ቢገኝ እንግድነት ባልተሰማው ነበር።

ከዚህ ታሪክ ተነሥተው ክፈፉ የባዕድ ነው፣ ስለዚህም ይቅር የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርክራቸው ግማሹን እውነት ብቻ ይይዛል። ቅርጹ በጣልያን አልፎ መጣ እንጂ ክፈፍና መጋረጃ ለደጋው ሰው አዲስ ነገር አልነበሩም። የደቡብ ጎንደርን ክብ አብያተ ክርስቲያናት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ እየተባለ ይዘለቃል። በመቅደሱ በር ላይ መንጦላዕት ይጋረዳል፤ በቅዳሴ ጊዜ በየሥርዓቱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ በሩን ከግራና ከቀኝ ያጅበዋል። ስለ ክፈፍ ከተነገረ ከዚህ የበለጠ ክፈፍ የለም። ይሁን እንጂ ከመንጦላዕቱ ኋላ ያለው ታቦቱና የቁርባኑ ምሥጢር ነው። ዘማሪው ያለው ከክፈፉ ውጭ ነው።

የማኅሌቱን አቋቋም ልብ ብሎ ማየት ይገባል። መሪጌታው፣ ግራ ጌታውና ቀኝ ጌታው ሥፍራ ሥፍራቸውን ይይዛሉ። ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ከበሮው በመካከል ነው። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። ዝማሜው፣ መረግዱ፣ ጽፋቱ ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ይሻገራል። የዜማው አንድ ግማሽ ሁልጊዜ ከፊት ለፊት ይመጣል። ምእመኑ በዙሪያው ቆሞ በዚያው ብርሃን ውስጥ ይሳተፋል፤ ሲያጨበጭብም ሲያሸበሽብም የተለየ ፈቃድ አይጠይቅም። የድጓው ማስመስከሪያ ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባ ሁለቱም በዚህ በደቡብ ጎንደር ምድር የሚገኙ ናቸውና፣ አካባቢው በሀገሪቱ የትዕይንት ሥነ ሕንፃ ላይ ለመናገር ከማንም ያላነሰ መብት አለው።

ቤተ መንግሥቱም ያው ነው። ደብረ ታቦር ለራሶችም ለነገሥታትም መቀመጫ ሆና ኖራለች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ዐፄ ዮሐንስም ከተሙባት። በነገሥታቱ የግብር ሥርዓት ንጉሡ ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተቀምጦ በመጋረጃ ውስጥ ይመገባል። መጋረጃው ሲገለጥ ሠራዊቱ ገብቶ ይሰተራል፤ አዝማሪው ያዜማል፤ ጀግናው በገበታዎቹ መካከል እየተንጎራደደ ይሸልላል፣ ይፎክራል። እዚህም ክፈፉ አለ፣ መጋረጃውም አለ፣ የሚገለጥበት ሰዓትም አለ። በክፈፉ ውስጥ የሚታየው ግን ንጉሡ ነው። ትዕይንቱን የሚያቀርቡት በመሬት ላይ፣ በተመልካቹ መካከል ናቸው።

ይህ ሥርዓት በሠርግ ዳስ እስከ ዛሬ ይታያል። ዳስ ሲባል ጊዜያዊ መጠለያ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው፤ የደጋው ሕዝብ ያለማንም መሐንዲስ ያቀደው የትዕይንት ሕንፃ ነው። ቋሚው ይተከላል፣ ቅጠሉ ወይም ሸራው ይለብሳል፣ ወለሉ ላይ ሣር ይጎዘጎዛል። አግዳሚዎቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይደረደራሉ፤ መካከሉ ለአስተናጋጅ፣ ለጨፋሪና ለፎካሪ ይተዋል። በራስጌው ሙሽሮቹ በጨርቅና በአበባ በተከፈፈ ሥፍራ ይቀመጣሉ። ሙሽሮቹ በዚያ ቀን ንጉሥና ንግሥት ናቸውና ክፈፉ ለእነርሱ ተሰጠ። ጨዋታው ያለው በእግራቸው ሥር ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በደጋው ልማድ ክፈፍ የክብር ምልክት ነው፤ ለታቦት፣ ለንጉሥ፣ ለሙሽራ ይሰጣል። ትዕይንት ግን ከክፈፉ ውጭ፣ በሰዎች መካከል፣ በተመላላሽ ድምፅ ይካሄዳል። ከአውሮፓ የመጣው የመድረክ ግንባር ሁለቱን አንድ አደረጋቸው። ተዋናዩን ወደ አልጋው አወጣው፤ ተመልካቹን ደግሞ ከተቀባይነት ወደ ተመልካችነት ብቻ አወረደው። ከዚህ ለውጥ የተገኘም የጠፋም አለ። የጠፋውን በቁጥር ማስቀመጥ ባይቻልም በአሠራሩ ማሳየት ይቻላል።

አዝማሪው የመጀመሪያው ምስክር ነው። በጠጅ ቤት አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ይዘዋወራል። ከጠጪዎቹ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ያቀብለዋል። አዝማሪው ቃሉን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ካስፈለገውም ሰሙን ትቶ ወርቁን ያወጣበታል፣ ወይም ከራሱ ጨምሮ በሌላው ጠጪ ላይ ያዞረዋል። የተነካው ደግሞ በተራው «ተቀበል!» ብሎ ይመልሳል። ይህ ጥበብ ርቀት ይጠይቃል፤ ከክንድ ብዙ ያልራቀ፣ የስንኙ አንድ ፊደል እንኳ የማይጠፋበት ርቀት። ሰምና ወርቅ በአንድ ፊደል መጥበቅና መላላት የሚለወጥ ነገር ነው። አዝማሪው ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ባለ የሲሚንቶ መድረክ ላይ በድምፅ ማጉያ ፊት ሲቆም፣ ከአሥረኛው ረድፍ የተወረወረ ስንኝ አይደርሰውም። ስለዚህ ተቀባይነቱን ትቶ ዘፋኝ ይሆናል። ያጠናውን ያቀርባል፤ ተጨብጭቦለት ይወርዳል። ይህን «የአዝማሪ ጥበብ መዳከም» ብሎ በሙያተኛው ላይ ማላከክ የተለመደ ነው። ከጥፋቱ ገሚሱ ግን የወለሉ ነው።

ላሊበሎች የሚባሉት የንጋት ዘፋኞች ደግሞ የክፈፉን ነገር ገልብጠው ያሳያሉ። ከፀሐይ መውጣት በፊት በባለቤቱ አጥር ደጃፍ ቆመው፣ ስሙን ከጎረቤት ጠይቀው፣ እያወደሱ ይለምናሉ። ዘፋኙ ከደፉ ውጭ ነው፤ አድማጩ ከውስጥ ነው፣ ገና በአልጋው ላይ። ማንም ማንንም አያይም። ምጽዋቱ ሲወጣ በሩ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ ምርቃቱ ይከተላል። በነሐሴ 13 በሚውለው የደብረ ታቦር በዓል፣ በቡሄ፣ ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ በየቤቱ ደጃፍ ሲያዜሙም ሥርዓቱ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ያወርዳል፣ ቀሪዎቹ ይቀበላሉ፤ ሙልሙሉ ሲመጣ የደጁ ትዕይንት ያበቃል፣ ወደሚቀጥለው ደጅ ይታለፋል። ስሙን ከበዓሉ ጋር ለሚጋራው ለደብረ ታቦር ከተማ ይህ ጨዋታ ከሌሎች ከተሞች ይልቅ የቅርብ ጉዳይ ሊሆን ይገባዋል። እዚህ ላይ መድረክ የሚለው ቃል የጥንት ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፤ ትዕይንቱ የሚካሄደው በደፍ ላይ ነው።

ከጋይንት ወደ ምሥራቅ ተሻግሮ ላሊበላ ሲደረስ ደግሞ ከሁሉም የሚደንቅ የትዕይንት ሕንፃ አለ። በልደት በዓል ማግሥቱን ሲነጋ በቤተ ማርያም ዙሪያ በሚደረገው «ቤዛ ኩሉ» ካህናቱ ለሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ማሜ ጋራ በሚባለው የዓለት ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ሌላው ከታች በግቢው ውስጥ ይሆናል። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ዜማው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል። ሕዝቡ ከላይም ከታችም ሞልቶ በሁለቱ ድምፆች መካከል ይገኛል። በዓለም የቲያትር ሕንፃ ታሪክ መማሪያ ውስጥ ለግሪኩ ኤፒዳውሮስ አንድ ምዕራፍ ከተሰጠ ለማሜ ጋራ ቢያንስ አንድ ገጽ ይገባዋል።

እነዚህ ሥርዓቶች ወደ ባለ ክፈፍ መድረክ ሲወጡ የሚደርስባቸው ለውጥ በየባህል ቀኑ ይታያል። ፊት ለፊት ተያይቶ የሚመታው እስክስታ በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ወደ ተመልካቹ ይዞራል። ጨፋሪዎቹ አይተያዩም፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን ትከሻ አይመልስም፣ ሁሉም በሙዚቃው ቆጠራ ይንቀሳቀሳሉ። ከደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች ጀምሮ፣ በተለይም በ1980 ዓ.ም. ገደማ በተለያዩ አህጉራት ከዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» በኋላ፣ ይህ የፊት ለፊት አሰላለፍ የ«ባህላዊ ውዝዋዜ» መደበኛ መልክ ሆኗል። አሰላለፉ ውበት የለውም ማለት አይቻልም፤ ለሩቅ ተመልካችና ለካሜራ ይመቻል። ችግሩ የሚመጣው ተማሪው ያን አሰላለፍ ዋናው ባህል እርሱ ነው ብሎ ሲረከበው፣ ወደ ገጠር ተመልሶም ክበቡን «ያልተደራጀ» ብሎ ሲጠራው ነው። ወረብም በአዳራሽ መድረክ ላይ ሲቀርብ ሁለቱ ረድፎች ተከፍተው ወደ ሕዝቡ ያዘነብላሉ፤ ግራና ቀኙ መነጋገሩን ትቶ ማሳየት ይጀምራል።

የተገኘውንም መካድ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የአማርኛ ድራማ ትላልቅ ሥራዎች የተጻፉት ክፈፉ በፈጠረው ዓይን ነው። የመንግሥቱ ለማ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የቤት ውስጥ ኮሜዲዎች ናቸው፤ አራተኛው ግድግዳ የተነሣለት ሳሎን ባይኖር ኖሮ መግቢያና መውጫቸው፣ መደበቂያና መገጣጠሚያቸው እንዲህ አይሠራም ነበር። የጸጋዬ ገብረ መድኅን ግዙፍ ትራጄዲዎችም የብርሃንና የጥላ፣ የከፍታና የዝምታ ቦታ ይፈልጋሉ። ከዚህም በላይ ብዙ ያልተነገረለት አንድ ጥቅም አለ፤ ጨለማው። በክበብ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው በጎረቤቱ ይታያል። ማን በምን እንደሳቀ፣ በየትኛው ስንኝ ፊቱን እንዳጠቆረ ሁሉ በዕድርና በሠፈር ይወራል። በጨለማው አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ግን ለብቻው ይስቃል፣ ለብቻው ያለቅሳል። ሹምን የሚነካ ስላቅ በሚታይበት ሀገር ይህ ትንሽ ነፃነት አይደለም። «ፋቡላ» እርስ በርሳቸው በሚተዋወቁ መኳንንት ፊት በትንሽ አዳራሽ መታየቱና ቶሎ መከልከሉ በዚህ ዓይን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ክበቡ የማኅበረሰብ ሙቀት እንዳለው ሁሉ የማኅበረሰብ ቁጥጥርም አለው፤ ክበቡን የሚያወድሱ አጥኚዎች ይህን ሁለተኛ ገጽታውን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

ስለዚህ ክፈፉን አፍርሶ ክበብ ማቆም መፍትሔ ሊሆን አይችልም። መስተካከል ያለበት የአዳራሾች አሠራር ነው። በየከተማው ወደሚገኝ የተለመደ አዳራሽ ቢገባ የሚታየው ይህ ነው፦ በአንድ ጫፍ ከፍ ያለ የሲሚንቶ መድረክ፤ በላዩ ረጅም ጠረጴዛ፣ የጠረጴዛ ልብስና የፕላስቲክ አበባ፤ በኋላው ባነር። በታች ከወለሉ ጋር የታሰሩ ወንበሮች በቀጥታ ረድፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ። ይህ የቲያትር ቤት አይደለም። መጋረጃው ሳይጎድል፣ አልጋው በጠረጴዛ ተተክቶ፣ የግብር አዳራሹ ተመልሶ መጥቷል፤ ልዩነቱ ሥጋው፣ ጠጁና ፎካሪው መቅረታቸው ነው። ክፈፉ ወደ ቀድሞ ባለቤቱ፣ ወደ ሹሙ ተመልሷል። የስብሰባ ተሳታፊ «ከመድረኩ ምላሽ እንጠብቃለን» ሲል መድረክ የሚለው ቃል የተቀመጡትን ሰዎች እንጂ ሥፍራውን አለማመልከቱ በራሱ ብዙ ይናገራል። ቲያትር በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተበዳሪ እንግዳ ነው። ጠረጴዛው እስኪነሣ ይጠብቃል፤ መብራት መስቀያ የለውም፤ ከጎን የሚወጣበት በር አንድም ሁለትም ቢሆን በድምፅ ማጉያ ሳጥን ተዘግቷል። በዚህ ሁኔታ ተውኔቱ የክፈፉን ጥቅም ሳያገኝ ጉዳቱን ብቻ ይሸከማል።

ሌሎች ሕዝቦች ይህን ችግር ያለፉበት መንገድ ትምህርት ይሰጣል። የጃፓን ካቡኪ በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከምዕራቡ ክፈፍ ጋር ሲገናኝ ሰፊ የመድረክ ግንባርን ተቀበለ፤ ነገር ግን ከአዳራሹ ኋላ ተነሥቶ በተመልካቹ መካከል አልፎ መድረኩ የሚደርሰውን «ሃናሚቺ» የተባለውን መንገድ አልጣለም። ዋናው ተዋናይ የሚገባው፣ ቆሞም የሚታየው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ክፈፉ አለ፤ የሚሰበርበትም መንገድ አለ። የካቡኪ ሰዎች ከባዕዱ ሕንፃ ጋር ሲደራደሩ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፣ ሌላውን ለቀቁ። በኢትዮጵያ ተመሳሳይ ድርድር አልተካሄደም ማለት ይቻላል፤ ሕንፃው መጣ፣ ትዕይንቱ ተስተካከለለት።

ለደጋው ከተሞች የሚስማማ አዳራሽ ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ወለሉ ደልዳላ ሆኖ ወንበሮቹ የሚነሡ ቢሆኑ፣ በአንድ ቀን እንደ ዳስ ፊት ለፊት፣ በሌላ ቀን በዙሪያ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ አንድ ወገን ሊደረደሩ ይችላሉ። መድረኩ በሲሚንቶ ፈንታ ተገጣጣሚ የእንጨት ሰሌዳዎች ቢሆን ቁመቱ እንደ ትዕይንቱ ይወሰናል። ክፈፍ ሲያስፈልግ ከጣሪያው ተሸካሚ ብረት ላይ መጋረጃ ይሰቀላል፤ ሳያስፈልግ ይነሣል። በሁለትና በሦስት ጎን ጠባብ ሰገነት ቢሠራ የማሜ ጋራው የላይና የታች ምልልስ በጣሪያ ሥር ቦታ ያገኛል። ይህ ሁሉ ሲሆን ጣሪያ የግድ ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናትና፣ «ወደ ተፈጥሮ እንመለስ» በሚል ስሜት የሚታቀድ ክፍት አምፊቲያትር በክረምት ማታ ማንንም አይሰበስብም። ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነም የነሐሴ ዝናብ የተዋናዩን ድምፅ ይውጠዋል፤ ኮርኒስና ድምፅ የሚያፍን ንጣፍ የቅንጦት ዕቃ ተደርጎ ከበጀት መሰረዝ የለበትም። ወጪው ከተለመደው አዳራሽ በእጅጉ መብለጡ አጠራጣሪ ነው፤ የሲሚንቶው መድረክና የታሰሩት ወንበሮች ራሳቸው ዋጋ አላቸው።

በዚህ አዳራሽ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ የገንዘብ አይሆንም። ከፍ ያለ ቋሚ መድረክ የሌለው አዳራሽ ውስጥ የክብር እንግዳው የት ይቀመጣል? ጥያቄው የሚያስቅ ቢመስልም በሕንፃ ኮሚቴዎች ዘንድ ከባድ ጥያቄ ነው፤ ከላይ እንደታየው ረጅም ታሪክም አለው። መልሱም ከዚያው ታሪክ ይገኛል። ዳሱ ሙሽራውን በራስጌ ያስቀምጣል፣ መካከሉን ግን ለጨዋታ ይተዋል። የክብር ሥፍራና የትዕይንት ሥፍራ አንድ ቦታ መሆናቸው ከሌላ ሀገር የመጣ ልማድ እንጂ የግድ አይደለም።

ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎች እዚህ ላይ ሰፊ የመስክ ሥራ አለ። በቲያትርና በፎክሎር ጥናት የቃሉ ጽሑፍ ይሰበሰባል፣ ዜማው ይቀረጻል፤ ወለሉ ግን እምብዛም አይለካም። በአንድ ጠጅ ቤት አዝማሪው ከመጨረሻው ጠጪ ስንት ሜትር ይርቃል? በአንድ ቅኔ ማኅሌት በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለው ክፍተት ስንት ነው? በሠርግ ዳስ ውስጥ ፎካሪው የሚንጎራደድበት መተላለፊያ ርዝመቱና ስፋቱስ? የስንት ሰው ጭብጨባ ተቀባዩን ሳይሰውረው ይሸፍነዋል? እነዚህ በሜትርና በወረቀት ሊሠሩ የሚችሉ ልኬቶች ናቸው። የቲያትር ተማሪው ከአርክቴክቸርና ከሲቪል ምህንድስና ተማሪ ጋር ሆኖ አሥር ዳሶችንና አሥር ጠጅ ቤቶችን ቢነድፍ፣ ለሚቀጥለው የአዳራሽ ጨረታ የሚቀርብ ማስረጃ ይገኛል። ያለዚህ ማስረጃ የሚቀርብ የባህል ክርክር በኮሚቴ ፊት ከምኞት አያልፍም፤ መሐንዲሱም በእጁ ወዳለው የተለመደ ንድፍ ቢመለስ አይወቀስም።

ሐሳቡን በአንድ ሥፍራ ላይ መሞከር ይቻላል። በጉማራ ወንዝ አካባቢ ያለው የወንዛዬ ፍል ውሃ ፈውስ ፈላጊዎችን ከየአጥቢያው የሚሰበስብ ቦታ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ለቀናት አብረው የሚሰነብቱበት፣ ምሽቱም ረጅም የሆነበት ሥፍራ ነውና ነገ በአጠገቡ የባህል አዳራሽ ይሠራ ቢባል የሚያስገርም አይሆንም። የተለመደው ንድፍ ቢመረጥ አዳራሹ በዓመት ለጥቂት ስብሰባዎች ይከፈታል፤ በቀሪው ጊዜ ቁልፉን የያዘው ሰው ይፈለጋል። ደልዳላ ወለልና ተነሺ አግዳሚ ያለው ቤት ከተሠራ ግን ታማሚው ጋቢውን ተከናንቦ በግድግዳው ሥር ይቀመጣል፤ ማሲንቆ የያዘ ሰው ከመጣም በመካከል ቦታ ይኖረዋል፤ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ «ተቀበል!» ቢል ይሰማል።